አሥራ አራት ከሁለት

መጋቢት ሲጋመስ ደወላችን ዝም አለ፣
ሜዳው አቧራውን ታቅፎ ብቻውን ዋለ።
የመረቡ ገመድ፣ የዝላዩ አሸዋ፣ የጎሉ እንጨት
ሁሉም ተቆለፈ፤ ቁልፉ ዘበኛው ዘንድ፣ ዘበኛው ቤት።
ቲቸር ዘርጋው ብቻ ፊሽካውን ካንገቱ አላወጣም፤
አጥቶት አይደለም፣ ጭምብልና ፊሽካ ባንድ አፍ አይዋጣም።

አራታችንን ጠርቶ ደቻቱ አወረደን።
ወንዝ ይሉታል፤ እኛ አሸዋነቱን ነው የምናውቀው፣
ደንገጎ ላይ ሲዘንብ ነው ወንዝነቱ ትዝ የሚለው።
ከድልድዩ ወዲህ በኖራ አራት መስመር አሰመረ፣
በየመቀባበያው አምስት አምስት እርምጃ ጨመረ።
"ከእጅ ወደ እጅ ዱላ መስጠት ክልክል ነው።"
"ታዲያ ቅብብሉ ምኑ ላይ ነው?"
አለች ቢፍቱ፣ አፏ የማያርፈው።

ከኒሙ ዛፍ አራት በትር ቆረጠ፣ ለየሰው አንዳንድ፣
ልጣጩ መራራ፣ ርዝመቱ ግማሽ ክንድ።
"የደረሰች ትጩህ፤ የሰማች ትሩጥ። ድምፅ አይበከልም።"
(ይበከላል ሲሉ በኋላ ሰማን፤ ያኔ ግን ማንም አያውቅም።)

ሮጥን።
ሐምዲያ ከድልድዩ ጥላ ስትፈተለክ፣
"ያዢ!" ብላ ባዶ አየር ስትልክ፣
እኔ መዳፌ የራሴን በትር ጨብጦ፣
ልቤ እንደ አሮጌ ባጃጅ ተንጣጥጦ፣
ለቢፍቱ እጮሃለሁ፤ ቢፍቱ ለኢፍራህ፤ ከኢፍራህ ወዲያ
ቲቸርና ሰዓቱ፣ ሁለት ፍየልና አንዲት አህያ።

ግንቦት ላይ ኢፍራህ ቀረች።
አባቷ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው።
ነጭ መኪና መጣ፤ ቤተሰቡን እንዳለ ጭኖ
ወሰዳቸው፤ ትምህርት ቤታችን ለይቶ ማቆያ ሆኖ።
ስምንተኛ ቢ ገባች፣ ዴስኩ ወጥቶ ፍራሽ የተነጠፈበት፣
እኛ የተከለከልነው ሜዳ በመስኮቱ የሚታይበት።
ያን ወር ትምህርት ቤት የገባች ተማሪ እሷ ብቻ ነች።

በማግስቱ ሦስት ሆነን ወረድን።
ሐምዲያን እናቷ ከልክለዋት በጓሮ ዘላ መጣች፣
እጇን እስከ ክርኗ በሳሙና እየፈተገች ያደረች።
የአምስት እርምጃው ዋጋ ያን ቀን ገባን።

ቲቸር አራተኛው መስመር ላይ የኢፍራህን በትር አኖረ።
ሮጥን። ቢፍቱ ደርሳ "ያዢ!" አለች፤ ድምፅዋ አሸዋው ላይ ቀረ።

ማንም አልሮጠም።
አንዲት ፍየል መጥታ በትሩን አሸተተችው፤
መረራት መሰል፣ ተወችው።
ሰዓቱ ግን ይቆጥራል። ፀሐይ ከላይ፣ አሸዋ ከታች ሲቀቅለን
ቲቸርን እናየዋለን፤ እሱ አያየንም።
ቀጭ አደረገው። ደብተሩን አውጥቶ ጻፈበት፦
አሥራ አራት ከሁለት።
"የሷ ነው" አለ፤ ሌላ አልጨመረበት።

እሷ አሥራ አራት ቀን ተዘጋባት፣
እኛ በየቀኑ አሥራ አራት ሰከንድ ቆምንላት።

ስትወጣ ነገርናት። እንባ ስንጠብቅ ሳቀች፦
"አቦ! እኔ እኮ በዚያ ሰዓት ተኝቼ ነበር" አለች።
"ደግሞ የምን አሥራ አራት? አሥራ ሦስት ከዘጠኝ ነኝ!
ቲቸር፣ ሰረቅከኝ!"
ዘርጋው ደብተሩን አየ፣ እሷን አየ፤
አልሰረዘውም። "ሮጠሽ አሳዪኝ" አላት።

ኅዳር ላይ ደወሉ ተደወለ። ክፍሉ በፈረቃ፣
በር ላይ የውሃ በርሜል፣ ግንባር ላይ የሙቀት መለኪያ።
የድሮው ዱላ ከመጋዘን ወጣ፣ በአልኮል ተወልውሎ፤
ሦስት ጊዜ ወደቀብን። እጃችን ረስቷል፣
ጣት ጣትን ሲነካ እንደተቃጠለ ይሸሻል።

"ዘርጊ!" ይላል ቲቸር፣ የራሱን ስም የሚጠራ ይመስል፣
"ወደ ኋላ አትዪ! ዘርጊና ሩጪ!"

እሮጣለሁ።
መዳፌ ከኋላዬ ተከፍቷል፣ ላብ ይዞታል፣
የሐምዲያ ትንፋሽ እየቀረበ ነው፣
ዱላው ገና አልደረሰም።